በግራዝማች ግቢ የበላነው እራት

ቅዳሜ

ሙሉቀን እጁን ከእጄ ላይ አነሳ። ቀስ ብሎ ነው ያነሳው፤ እኔ ግን በጥፊ የመታኝ ያህል ደነገጥኩ።

ጥፋቱ የኔ ነው። አፌ አያርፍም። ሁሉም ነገር አምሮልን ነበር። ያ የድንጋይ አጥር ያለው አሮጌ ግቢ ምግብ ቤት ከሆነ ወዲህ ደብረ ታቦር ውስጥ የተዋደደ ሁሉ የሚሄደው እዚያ ነው። ወይራው ላይ የተንጠለጠሉትን አምፖሎች የሰቀለው ራሱ ሙሉቀን ነው፤ የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነው። ስለዚህ ጥሩ ጠረጴዛ ሰጡን። ሻማ አበሩልን። የጉና ብርድ ሲጀምር ጋቢ አመጡልን። ሽማግሌ የሚልክበትን ቀን ቆረጥን፤ የነገ ሳምንት እሑድ። ጥብሱ ሲቀርብ ጉራዬም አብሮ መጣ።

“ይሄ እኮ የአባቴ አያት የግራዝማች ቤት ነው። ደርግ ነው የወረሰው” አልኩት።

የትኛው ግራዝማች ብሎ ጠየቀኝ። ስማቸውን ነገርኩት።

“የእናቴም ቅድመ አያት እሳቸው ናቸው” አለ።

በጣታችን ቆጠርን። በኔ በኩል አራተኛ ቤት፣ በሱ በኩል፣ በእናቱ አያት በብርቄ፣ አምስተኛ። ሰባት ቤት ሳይሞላ ጋብቻ የለም። መቁጠሩን ለሽማግሌዎች ትተን እኛ ስንሳሳቅ ከረምን። ጥብሱ ሳይነካ ተመለሰ።

ሌላም ነገር አለ። ከጀርባዬ በር የሌለው ጠባብ የድንጋይ ክፍል ነበር። ከዚያ ውስጥ ሰው የሚያየኝ እየመሰለኝ ሦስት ጊዜ ዞርኩ። የቢራ ሣጥን ብቻ ነው ያለው።

እሑድ

አልደወለም። እኔም ስልኩን አንስቼ አስቀመጥኩት። “እህቴ” ብሎ ቢጠራኝስ?

ቅዳሴ ቆሜ ምንም አልሰማሁም። ጀርባዬን ይበርደኛል። ቤት ገብቼ ወንበሬን ከግድግዳው አስጠግቼ ተቀመጥኩ፣ ያው ነው። ግድግዳውም ሰው ያለበት መሰለኝ። ለማን ይነገራል ይሄ? ከአረብ አገር የተመለሰች አበደች ለማለት ሰው ምክንያት አያጣም።

ሰኞ

ጨክኜ አባባን ጠየቅኳቸው። የሙሉቀን እናት የሚቆጥሩት በአያታቸው በብርቄ በኩል ነው፤ ብርቄ የግራዝማች ልጅ ናት ይላሉ አልኳቸው።

አባባ ሳቁ። “ብርቄ ደግሞ መቼ ልጅ ሆነች? አያቴ በሰባት ዓመቷ የገዟት ናት እንጂ! ውሎዋም አዳሯም እህል መፍጫው ክፍል ነበር፣ ከወይራው አጠገብ ያለችው። ኋላ ባሪያ ነጻ ይውጣ ሲባል፣ ልጄ ብለው በስማቸው እብናት ላለ አንድ ገበሬ ዳሯት። ዘሮቿ ‘የግራዝማች ነን’ ሲሉ እኛም ዝም አልን። ምን ቸገረን?”

መጀመሪያ የተሰማኝ ደስታ ነው። እዚህ ላይ አልዋሽም። ሰባት ዓመቷ ነበር ሲሉኝ እኔ የሰማሁት “ዘመድ አይደላችሁም” የሚለውን ብቻ ነው።

“እንግዲያው መጋባት እንችላለን” አልኳቸው።

ሳቃቸው ጠፋ። “ዘመድ ብትሆኑ ይሻል ነበር” አሉ። “በገንዘባችን ለገዛናት ዘር ልጄን አልሰጥም። የመጣም እንደሆን በሬን አልከፍትም።”

ማክሰኞ

እንቅልፍ የለም። የምፈራውን ልጻፈው፤ ሲጻፍ ይቀል ይሆናል።

ለሙሉቀን ብነግረው በእናቱ ማፈሩን።
ባልነግረው ዘመዴ ነሽ ብሎ መቅረቱን።
ነግሬው ሲያበቃ፣ የገዢዎቹ ልጅ ብሎ እኔን መጥላቱን።

ይሄን ደብተር የጀመርኩት ኩዌት ነው። ከወጥ ቤቱ ጎን መስኮት በሌለው ክፍል አምስት ዓመት ተኝቻለሁ። ፓስፖርቴን አሠሪዬ ማዳም ቆልፋበት ነበር። በአማርኛ የማዋራው ሰው ስላልነበረኝ ጻፍኩ። ያም ሆኖ እኔ ደመወዝ ነበረኝ፣ የምመለስበት አገር ነበረኝ። ብርቄስ? እናቷ የት እንዳለች እንኳ ታውቅ ነበር?

ቅዳሜ ዕለት ከጀርባዬ ማን እንደነበረች አሁን አውቄያለሁ። “የአባቴ አያት ቤት ነው” ብዬ ስኮራ ሰምታኛለች። አፈርኩ፤ ፊቴ እስኪቃጠል አፈርኩ።

ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። “እናቴን ልጠይቅ” ብሎ ዘጋው።

ረቡዕ

ሙሉቀን እብናት እናቱ ዘንድ ደርሶ መጣ። ስፌት ቤቴ ገብቶ ከስፌት መኪናዬ ፊት ቆመ። ዓይኑ ቀልቷል።

እናቱ መጀመሪያ በማርያም ምለው ካዱ አለኝ። ቀጥለው አለቀሱ። ልጅ ሆነው ከአያታቸው ጋር ነበር የሚተኙት፤ የብርቄ ጉልበት ወፍጮ ላይ ከመንበርከክ የተነሳ እንደ ቁርበት ደርቆ ነበር። ማታ ማታ ቅቤ ይቀቧት ነበር። “ልጄን ማንም እንዳይንቀው ብዬ ነው” አሉት።

“ጠላኸኝ?” አልኩት።

“አንቺን? አላውቅም፣ ትናንት ሁሉንም ሰው ጠልቼ ነበር” አለኝ። እጄን ግን ያዘ። እናቱ ነገ ሊመጡ ነው። ክፍሉን ማየት ፈልገዋል፤ እኔም እንድገኝ ብለዋል።

ሐሙስ

ለምሳ ወደ ግቢው ሄድን። እናቱ ነጠላቸውን አጣፍተው መጡ፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ ሴት ናቸው። አስተናጋጇ ወይራው ሥር ያለውን ጠረጴዛ ብታሳያቸውም አልፈዋት ወደ ድንጋዩ ክፍል ገቡ። ግድግዳውን በመዳፋቸው ዳሰሱት። ቀና ብሎ የማያስቆም ጣራ ነው።

“የቢራውን ሣጥን አውጡልኝ። እዚህ ነው የምበላ” አሉ።

አስተናጋጇ ግራ ገባት፤ ሙሉቀን ግን ጠረጴዛውን ተሸክሞ አስገባ። ውሃው ሲመጣ ማንቆርቆሪያውን ከአስተናጋጇ ተቀበልኩና ላስታጥባቸው ጎንበስ አልኩ። እጃቸውን አልዘረጉም።

“የማን ልጅ መሆኔን አውቀሽ ነው?”

“አውቄ ነው፣ እማማ። እርስዎስ የማን ልጅ መሆኔን ያውቃሉ?”

ዓይኔን አዩኝ። ከዚያ እጃቸውን ዘረጉ። ቸኩዬ ግማሹን ውሃ ቀሚሳቸው ላይ አፈሰስኩት። ደህና አድርገው በሉ። ከኋላዬ ግድግዳው ነበር፣ መዞር ግን አልፈለግኩም።

ስንለያይ ጉንጬን ሳሙኝ። ሽማግሌዎቹ እሑድ ይመጣሉ። አባባ አሁንም “በሬን አልከፍትም” ይላሉ። ምን እንደሚከተል አላውቅም፣ እፈራለሁ። እሳቸው ካልከፈቱ ግን ተነስቼ እኔ እከፍታለሁ።