ራጄሽና ታሪቅ የተኮራረፉበት ሳምንት

ሰኞ

ዛሬም ጠሩኝ። «ለታሪቅ ንገሪው፣ የሦስት ቁጥር ማሽን ቀበቶ ይቀየር» አሉ ሚስተር ራጄሽ። ታሪቅ አጠገባቸው ቆሟል። ሰምቷል። ግን እኔን እያየ ጠበቀ። ደገምኩለት። «እሺ በያቸው» አለኝ።

እኔ የክር ፋብሪካው ጸሐፊ ነኝ እንጂ አስተርጓሚ አይደለሁም። እነሱም አስተርጓሚ አያሻቸውም። ሚስተር ራጄሽ ሕንዳዊ ናቸው፣ የመፍተያ ክፍሉ ኃላፊ። ታሪቅ ፓኪስታናዊ መካኒክ ነው። የቋንቋቸው አጻጻፍ ይለያይ እንጂ ሲያወሩ ይግባባሉ። ስድስት ዓመት ሙሉ ሲሳሳቁ፣ በክሪኬት ሲጨቃጨቁ ሰምቻለሁ። ድንበራቸው ላይ ተኩስ ከተጀመረ ወዲህ ግን አንድ ቃል አልተለዋወጡም።

የሚስተር ራጄሽ አንድ ልጅ ወታደር ነው፤ ወደ ድንበር ተልኳል። የታሪቅ እናት ከድንበሩ ወዲያ ማዶ ባለ መንደር ይኖራሉ፤ ስልካቸው አይነሳም። ሁለቱም ለየብቻ ለእኔ ነገሩኝ። አንዱ የሌላውን ጭንቀት የሚያውቅ አይመስለኝም።

ማክሰኞ

በዜና ሁለቱ አገሮች አንዱ የሌላውን ዲፕሎማቶች አባረዋል፣ የአየር ክልላቸውንም ዘግተዋል ይላል። ሁለቱም መንግሥታት «የጀመረው እሱ ነው» ይላሉ። አገር ሲጣላ ትልልቅ አገሮች ይሸመግላሉ። እዚህ ቃሊቲ ለመሸምገል ያለሁት እኔ ነኝ።

ማታ ኮዬ ፈጬ፣ ቤታችን ስደርስ ለእማዬ አወራኋት። ምስር እየለቀመች ዝም ብላ ሰማችኝና ስለ እትዬ ለተብርሃን አነሳች። ሳሪስ ስንኖር ግድግዳ የምንጋራቸው ኤርትራዊት ነበሩ። ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሳ ከአገር ሊያስወጧቸው ወሰዷቸው፤ እኔ ትንሽ ልጅ ነበርኩ። «የወሰዷት ቀን በሬን ዘግቼ ተቀመጥኩ» አለች እማዬ። «ወጥቼ ደህና ሁኚ ብላት ሰው ምን ይለኛል ብዬ ፈራሁ።» ይህን ነግራኝ አታውቅም ነበር።

ረቡዕ

የዛሬውን በቅደም ተከተል ልጻፈው።

ታሪቅ ሦስት ቁጥር ማሽን ውስጥ እጁን አስገብቶ እየሠራ ነበር። ሚስተር ራጄሽ ማብሪያው ጋ ናቸው፤ ከዚያ ሆነው እሱን ማየት አይችሉም። «ከአሥር ደቂቃ በኋላ ላስነሳው ነው፣ ንገሪው» አሉኝ። ልሄድ ስል ከቢሮ ለስልክ ተጠራሁ። ስለሚመጣ ጥጥ ነበር። አወራሁ፣ አወራሁ። መልእክቱን ረሳሁት።

ማሽኑ ሲነሳ የሴት ሠራተኞቹን ጩኸት ሰማሁ። ከዚያ ሚስተር ራጄሽ በራሳቸው ቋንቋ እየጮኹ ሮጠው ቀዩን የማቆሚያ ቁልፍ መቱት። የታሪቅ እጅጌ እስከ ክርኑ ተቀዷል፣ ክንዱ ተልጧል። እጁ ተርፏል። ተመስገን። ሁለቱ ተያዩ።

ምሳ ላይ ሠራተኞቹ «ሕንዱ ሆን ብሎ ነው፣ አገራቸው እየተዋጋ አይደል?» ሲባባሉ ሰማሁ። እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ። ዝም አልኩ። ሳህኔን አንስቼ ወጣሁ።

ሐሙስ

የፈራሁት፦ ከሥራ መባረር። የታሪቅ ዓይን። ሠራተኛው የሚለው።

እማዬ ያን ቀን በሯን ዘግታ መቀመጧ ከሐሳቤ አልወጣ አለ። ገና እንደገባሁ ሚስተር ራጄሽን «እባክዎ አንዴ ይምጡልኝ» ብዬ ወደ መሣሪያ ክፍል ወሰድኳቸው። ታሪቅ ክንዱ ታሽጎ ተቀምጧል። ለሁለቱም አንድ ላይ ነገርኳቸው። እሳቸው ልከውኝ ነበር። ያላደረስኩት እኔ ነኝ።

ታሪቅ ቀና ብሎ እሳቸውን በቋንቋቸው አናገራቸው። እሳቸውም መለሱለት። እኔ አንድም ቃል አልገባኝም። በኋላ ታሪቅ በዚያ በተሰባበረ አማርኛው ነገረኝ፦ «ሊገድሉኝ ፈልገው ነው ብዬ ሳስብ አደርኩ አልኳቸው። እሳቸውም፣ እንደዚያ ታስባለህ ብዬ እኔም አልተኛሁም አሉኝ።» ስለ ልጃቸውና ስለ እናቱም ተነጋግረዋል።

ሚስተር ራጄሽ «አፍ እያለኝ አንቺን የላክሁ እኔም ጥፋተኛ ነኝ» አሉኝ። የማስጠንቀቂያ ደብዳቤ ግን ሰጡኝ። ይገባኛል።

ዓርብ

ወሬ የለም። ከልጁም፣ ከእናትየውም። ሁለቱም ስልካቸውን ቻርጅ ላይ ሰክተው አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠዋል። አንዱ ጮኸ በተባለ ቁጥር ሁለቱም ይነሳሉ።

ቅዳሜ

ተኩስ ለማቆም ተስማሙ ተባለ። ጠዋት የታሪቅ እናት ደወሉ። እህታቸው ዘንድ ሸሽተዋል። የቤታቸውን ጣሪያ መድፍ አፍርሶታል፣ እሳቸው ግን ደህና ናቸው።

ከሚስተር ራጄሽ ልጅ ግን ዝም። ቅዳሜ ሥራ ግማሽ ቀን ነው፤ ታሪቅ ቤቱ አልሄደም፣ አብሯቸው ተቀመጠ። እኔም ቀረሁ። ዘጠኝ ሰዓት አለፍ ሲል ስልኩ ጠራ። ልጁ ራሱ ነው። ሚስተር ራጄሽ አውርተው ሲጨርሱ ፊታቸውን በመዳፋቸው ሸፈኑ። ታሪቅ ትከሻቸውን ይዞ ቆመ።

ወደ ታክሲው አብረን ወጣን፣ ታሪቅና እኔ። «ልጁ በመትረፉ ከልቤ ደስ ብሎኛል፣ አላህ ያውቃል» አለኝ። ትንሽ ሄድን። «ግን የእናቴን ቤት የመታው እሱ ይሁን ሌላ በምን አውቃለሁ? መጠየቅም አልፈልግም።»

የሳሪስ ታክሲ መጣ፤ እሱ ገባበት። ተኩሱ ለዛሬ ቆሟል። ሰኞ ሁለቱ ፊት ለፊት ሲገናኙ ይህ ነገር በመካከላቸው ይነሳ እንደሆነ እንጃ።