ለወንድሜ አሟሟት ስለመረጡልኝ ቃላት

ለተከበሩ የፋብሪካችን ዋና ሥራ አስኪያጅ
ባሉበት

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬን እያቀረብኩ፣ ጤናዎ እንደምን እንደሆነ በትሕትና እጠይቃለሁ። ከቀብሩ የቀሩት ብርቱ ጉንፋን ይዞዎት መሆኑን ጸሐፊዎ ስለነገረችን፣ እናቴም በዚያው በለቅሶዋ መሀል እግዜር ይማርዎት ብላለች።

እንደሚያውቁት፣ አደጋ የደረሰባቸው ሠራተኞች በቋንቋችን የሚሰጡትን ቃል ወደ እንግሊዝኛ እየመለስኩ ውጭ ላሉት ባለቤቶች መላክ ከጀመርኩ ዘጠኝ ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ማክሰኞ የወረቀት ማሽኑ ሮለር የወሰደው ሠራተኛ ታናሽ ወንድሜ ነው። ሪፖርቱን እኔው እንድተረጉመው ስለሰጡኝ፣ በጎኑም የሚስማሙዎትን የእንግሊዝኛ ቃላት በእርሳስ ስለጻፉልኝ አመሰግናለሁ። በቃላቱ ላይ ጥቂት አስተያየት እንዳቀርብ ይፍቀዱልኝ።

አንደኛ፦ «ኢንሲደንት» እንድል መክረውኛል። ጨዋ ቃል ነው፤ ጠረጴዛ ላይ ሻይ ቢደፋም ኢንሲደንት ነው፣ መብራት ቢጠፋም ኢንሲደንት ነው። ወንድሜን ከሮለሩ ለማውጣት ግን አራት ሰው አርባ ደቂቃ ፈጅቶበታል።

ሁለተኛ፦ እሱ ካልተመቸኝ «አክሲደንት» እንድል ፈቅደዋል። አክሲደንት ማንም ሳያስበው ድንገት የሚደርስ ነገር ነው። የማሽኑ ማቆሚያ ቁልፍ ከተበላሸ ግን ሰባት ወሩ ነው። ከዚያ ወዲህ ሠራተኞቹ የዘየዱትን ያውቁታል፦ አንዱ ሮለሩን ሊጠርግ ሲገባ፣ ሌላው ዋናው ማብሪያ ጋ እጁን አንስቶ ይቆማል፤ እጁ እስኪወርድ ድረስ ማንም ማብሪያውን አይነካም። ማክሰኞ ዕለት እጁን አንስቶ የቆመውን ሰው እርስዎ ራስዎ ጠርተው የጭነት መኪና እንዲያራግፍ ላኩት። «ጌታዬ፣ ሰው ውስጥ አለ» ቢልዎት፣ «አታካብድ፣ አሁን ትመለስ የለ» አሉት። ቀጥሎ የመጣው ሠራተኛ ማብሪያው ጋ የቆመ ሰው ስላላየ አበራው። ያ ምስኪን እስከ ዛሬ እህል አልቀመሰም። አደጋው እንደሚመጣ እያወቀ ችላ ላለ ሰው እንግሊዝኛው «ኔግሊጀንስ» የሚል ቃል አዘጋጅቷል፤ በእርሳስ ከጻፉልኝ ውስጥ ፈልጌ አጣሁት።

ሦስተኛ፦ «ዳይድ» ይበቃል ብለዋል፤ ሞተ ማለት ነው። አባታችን ነው የሞተው፣ በሰባ ስድስት ዓመቱ፣ አልጋው ላይ፣ ልጆቹን ተሰናብቶ። ወንድሜ «ኪልድ» ነው፤ ተገድሏል።

አራተኛ፦ የሥራ ባልደረቦቹ በንዴት «መርደር» ብለሽ ጻፊ ብለውኝ ነበር። እዚህ ላይ ለእርስዎ ጥብቅና ቆሜያለሁ። ያ ቃል እንዲገባ ገዳዩ አስቀድሞ ሟቹን ሊያስበው ይገባል፤ እርስዎ ደግሞ ስለ ወንድሜ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አስበው እንደማያውቁ ምስክር ነኝ።

የራሴንም ልናገር። ከአምስት ወር በፊት ያው ሮለር የአንዲት ሠራተኛ ሁለት ጣት ሲቆርጥ፣ «ቀለል አድርጊው እንጂ፣ ሰዎቹን ታስደነግጫለሽ» ቢሉኝ ቀለል አደረግኩት። ቀላል ኢንሲደንት ብዬ በእንግሊዝኛ አሳምሬ ላክሁ። ባለቤቶቹም አንብበው የሚያሳስብ ነገር ስላላዩ ቁልፉን የሚያስጠግን ጠፋ። እርስዎ ጎበዝ አሉኝ፤ እኔም ደስ አለኝ። ዛሬ ያንን ደስታዬን ሳስበው ራሴን እጠላለሁ።

ማሽኑ ከቀብሩ ማግስት ጀምሮ እየሠራ ነው። ይህን ስጽፍ በመስኮቴ አየዋለሁ፤ ዛሬም አንድ ሰው እጁን አንስቶ ቆሟል፣ ሌላው ውስጥ ነው። ሪፖርቱ እርስዎ እንደመረጡት ከሄደ ነገም እንደዚሁ ይቆማሉ።

ለሰጡኝ የሦስት ቀን የሐዘን ፈቃድ፣ በሁለተኛውም ቀን ደውለው «ትርጉሙ የት ደረሰ?» ብለው ስላጽናኑኝ፣ ከልብ የመነጨ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ ጉንፋንዎ ፈጥኖ እንዲለቅዎት እመኛለሁ።

እስከ ዛሬ ድረስ ታዛዥ የነበረችው ተርጓሚዎ፣
የሟች እህት

ድኅረ ጽሑፍ፦ ትርጉሙ ዘገየ ብለው እንዳይጨነቁ፣ ዛሬ ጠዋት ከሠራተኞቹ ቃል ጋር አያይዤ ለባለቤቶቹም ለሥራ ቁጥጥር መሥሪያ ቤቱም ልኬዋለሁ። ቅጹ ላይ «ብልሽቱን አስቀድመው ያውቁ የነበሩ ሰዎች» የሚል ክፍት ቦታ አለ። የእርስዎን ስም በማክበር ከላይ አስቀድሜ፣ የራሴን ከሥሩ ጽፌያለሁ።