ድንጋዩን አታውርድ

ልጄ ኃይለ መስቀል፣ ኢየሩሳሌም ያደረሰህ አምላክ ከክፉ ይሰውርህ። እኔ አለሁ፤ ታናሽ ወንድምህ ወልደ ኢየሱስ ግን ተገደለብኝ።

ከሕፃንነቱ በውፍረቱ እንደ ተሳቀበት ታውቃለህ። የደጃዝማቹ መልእክተኛ ለመሆን የሚሹ ከየካ እስከ እንጦጦ ማርያም ይሮጣሉ ሲባል፣ በጾም ላይ ጾም ጨምሮ ዳገቱን ሲለማመድ ከረመ። በሩጫው ቀን አብሮት የሚወዳደረውን አዱኛን ቢያልፈው፣ አዱኛ «አንተ ቅልብ ሰንጋ!» ብሎ ጭንቅላቱን በሽመል ፈለጠው። ከወደቀም በኋላ ደገመው። ደሙን በእጄ አጠብሁ።

ትናንት አዱኛ ድንጋይ በጫንቃው ተሸክሞ ለይቅርታ ደጄ ተንበረከከ። «አታውርደው! ልጄ ሥጋውን ተሸክሞ የሮጠውን ዳገት ሩጠው» አልሁት። ሮጠ። እየወደቀ፣ ጉልበቱ እየደማ ተነሣ። ስከተለው ትንፋሹ የወንድምህን ትንፋሽ መሰለኝ፤ ድንጋዩን አወረድሁለት።

የወንድምህን ዕድሜ ለአንተ ይጨምርልህ። አደራህን፣ ስትመጣ ጠመንጃ ይዘህ አትምጣብኝ።

እናትህ የማርያምወርቅ