በደምሽ ላይ የጫንኩት ውሸት

የኔዋ ጥሩዬ፣

እዚሁ አሰብ መቃብር ትቼሽ ወደ ቤታችን ከተመለስኩ አንድ ዓመት ከአራት ወር ሆነኝ። ደህና ነኝ ብዬ አልዋሽሽም፤ አንዴ የዋሸሁሽ ይበቃል። ሙቀቱ ገብቶ ሰፈሩ ውጭ ለማደር አልጋውን ግቢ ማውጣት ጀምሯል። እኔ የማወጣው አንድ ብቻ ነው። ያንቺ ቦታ ባዶ ሆኖ እንዳይታየኝ ወደ ግድግዳው አስጠጋዋለሁ። ትምህርት ቤቱ በቦታሽ ሌላ አስተማሪ ተክቷል፤ ተማሪዎችሽ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ አንገታቸውን ይደፋሉ። ቤት ስገባ ብቻዬን አወራለሁ፤ ሰው ቢሰማኝ አበደ ይለኛል።

ሑመራ ስታስተምሪ የያዘሽ የካላዛር በሽታ ጣፊያሽን ሲያሳብጠው፣ የምሠራበት ላቦራቶሪ የመጣውን የውጭ መጽሔት ይዤልሽ እንዴት እንደሮጥኩ ታስታውሻለሽ? መድኃኒትን በበሽተኛው በራሱ ቀይ የደም ሴል ጭኖ መላክ እየተሞከረ ነው ይላል። ሴሉ ጨው የሌለው ውሃ ሲያገኝ ያብጥና ይከፈታል፣ መድኃኒቱ ይገባል፤ ጨው ሲመለስለት ይዘጋል። ከዚያ ጣፊያና ጉበት ሄዶ ጭነቱን ቀስ እያለ ያራግፋል፤ ሌላው ሰውነት አይጎዳም። ከጣትሽ ደም ወስጄ ብሞክር ሴሎቹ አላብጥ አሉኝ። የውሃ ማጣሪያችን ስለተበላሸ የቧንቧ ውሃ ነበር የተጠቀምኩት። ሦስት ዓመት ሙሉ ጨው ጨው የሚል ሻይ እየጠጣህ የአሰብን ውሃ አታውቀውም ብለሽ ሆድሽን ይዘሽ ሳቅሽ። ከወደቡ ሾፌሮች ጨው የሌለው የባትሪ ውሃ ለምኜ ስደግመው በማይክሮስኮፕ ሲያብጡ አየሁ። ከዚያ አላለፍኩም። ለሰው ለመስጠት ገና ብዙ ጥናት ይቀረዋል፤ እኔም ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር።

ሐኪም ያዘዘልሽ የካላዛር መርፌ ሲያስመልስሽና ሲያዝልሽ በቃኝ አልሽ። ደብረ ማርቆስ እናቴ ጋ ውሰደኝ፣ እዚያ ልረፍ አልሽ። እኔ ፈራሁ፤ ካቋረጥሽው የምትሞቺ መሰለኝ። በማግስቱ ደም ቀዳሁልሽና ይዤ ወጣሁ። ያንኑ የድሮውን መድኃኒት በመርፌ ሞልቼ ተመለስኩና፣ በራስሽ ደም ተጭኖ መጣልሽ አልኩሽ። አመንሽኝ። አሥራ አንድ ቀን ሳታማርሪ መርፌውን ተወጋሽ። ሊጠይቅሽ ለመጣው ሁሉ፣ የገዛ ደሜ ነው የሚያክመኝ፣ ባሌ ነው የሠራው እያልሽ ኮራሽብኝ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ጠዋት መርፌው ያደከመው ልብሽ ቆመ።

ለእናትሽም ይህንኑ ጽፈሽላት ኖሯል። አሁንም ደብዳቤ ታስጽፍልኛለች፤ ለልጄ ያላደረገው የለም እያለች ትመርቀኛለች። ደብዳቤዎቿን አንብቤ መጨረስ ካቃተኝ ሰነበተ። መልስም አልጻፍኩላትም።

በሚመጣው ወር ፈቃድ ወስጄ ደብረ ማርቆስ እናትሽ ጋ እሄዳለሁ። ልጅሽ አንቺ ጋ መምጣት ፈልጋ ነበር፣ ዋሽቼ ያስቀረኋት እኔ ነኝ እላታለሁ። ደጇን ብትዘጋብኝም እችለዋለሁ። ጥሩዬ፣ በኔ የኮራሽውን ጥሩወርቅ ማስታወስ ይቀለኝ ነበር። እስካለሁ ድረስ ግን የማልረሳት፣ እናቴ ጋ ውሰደኝ ያለችኝን ነው።