አንድ ጣራ፣ ሁለት በር

ጥቅምት 8 ቀን 1930 ዓ.ም.

ዛሬም ክሩን መርፌ ውስጥ ያስገባችልኝ ተናኘወርቅ ናት። ደጋግሜ ሞከርኩ፣ አልገባም አለ። ቀዳዳው የት ጠፋ? «ስጠኝ እስቲ አንተ ሰውዬ» ብላ እየሳቀች በአንድ ጊዜ አስገባችው። ሚስቴ ስትስቅ ደስ ይለኝ ነበር፣ ዛሬ ግን ከፋኝ። ዕድሜውን ሙሉ ልብስ ሲሰፋ የኖረ ሰው ዓይኑ ከከዳው ምን ይበላል? ልጅ የለን፣ ርስት የለን... እኛም የምንኖረው በሰው ቤት።

ሥራው ደህና ነው። የጣልያን ወታደር ቁልፍ ያስተክላል፣ ሱሪ ያሳጥራል። በሆዴ እየሰደብኩት እሰፋለታለሁ።

ጥቅምት 11

ደሚቱ መጣች፣ የአናጢው የሙለታ ሚስት። ከየካቲቱ እልቂት በኋላ ሙለታን ከሥራው ላይ ይዘው በካሚዮን ጫኑት። ወደ ሶማሌ በረሃ አጋዙት ተባለ። ከዚያ ወዲህ ወሬው የለም።

ተቀመጪ ብላት እምቢ አለች። «ጋሼ፣ ቤቱን ልሸጠው ነው» አለች ቆማ። አንድ የጣልያን መሥሪያ ቤት አስተርጓሚ አግኝታለች። ገንዘብ ከተገኘ አስፈታዋለሁ ብሏታል። «ቤት እንደሆነ እንደገና ይሠራል። ሙለታ ይምጣልኝ እንጂ እሱ ይሠራዋል።»

እውነቱን ልጻፍ፣ ማንም አያነበውም። ያዘንኩላት ኋላ ነው። መጀመሪያ ልቤ ዘለለ።

ጥቅምት 14

ቤቱን አየሁት። ከልደታ ቤተ ክርስቲያን ቁልቁል ወረድ ብሎ ነው። አንድ የቆርቆሮ ጣራ፣ ሁለት በር። መካከሉን የጭቃ ግድግዳ ለይቶታል። በቀኙ ደሚቱ ትኖራለች፣ በግራው ድርና ማግ የሚሸጡ ባልና ሚስት ተከራይተዋል። ሙለታ ሲሠራው እንዲያ አስቦ ነው... በአንዱ ልኑር፣ አንዱ ያኑረኝ ብሎ። አቤት እጁ! በሩ ሲከፈት ድምፅ የለው፣ መዝጊያው የተላጨ ይመስላል። በዚህ ዘመን እንዲህ ያለ ሥራ ከየት ይገኛል?

ከሁለቱም ወገን ኪራይ ከገባልኝ ዓይኔ ቢጠፋም አልራብም። ተናኘወርቅም ለማኝ አትሆንም።

ያጠራቀምናትን አውጥቼ ቀብድ ሰጠሁ። ደሚቱ ሙለታ እስኪገባ በቀኙ በኩል ለኔ ኪራይ እየከፈለች ትቆያለች። «ሲመጣ ሌላ ቦታ እንዳይፈልገኝ» አለች። ውሉን እማኞች ሲገኙ እንፈራረማለን። አስተርጓሚው መንገድ ስለሄደ እሷም አልቸኮለችም።

ጥቅምት 26

በከር ኮቱን ሊያስጠግን መጣ። በሞቃዲሾ መንገድ ጭነት የሚያመላልሰው ሹፌር ነው። ኮቱን እያገላበጥኩ ሳለ «ሙለታ የሚባል አናጢ ከዚህ ሰፈር ነበር?» አለኝ።

ነበር... ለምን ነበር አለ?

ሞቷል። በነሐሴ። ወባ ነው አለኝ። አብሮት የታሰረ ሰው ተፈትቶ መንገድ ላይ አግኝቶት ነው የነገረው። ሰውየው በገዛ እጁ ነው የቀበረው። «ወላሂ ጋሼ፣ የሰፈሩን ስም ጭምር ነው የነገረኝ። ለሚስቱ እንዴት ይነገር?» አለኝ።

«ተወው፣ ለሚመለከተው እኔ እነግራለሁ» አልኩት።

ተናኘወርቅ ገበያ ነበረች። ስትመለስ አልነገርኳትም። ለምን አልነገርኳትም?

ጥቅምት 27

የንስሐ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። የደሚቱም ነፍስ አባት እሳቸው ናቸው። ስነግራቸው ነጠላቸውን ዓይናቸው ላይ አድርገው ቆዩ። ከዚያ «መርዶ እንዲህ በመንገድ አይነገርም። እዚህ ዘመድ የላትም። ወንድሟ ነገሪ ወሊሶ ነው፣ እልክበታለሁ። እሱ ሲደርስ ጎረቤት ተሰብስቦ በማለዳ ይነገራታል። እስከዚያ አፍህን ያዝ» አሉኝ።

«እሺ አባቴ።»

የቤቱን ነገር አላነሳሁም። እሳቸውም አልጠየቁኝም፣ አያውቁማ።

ደህና። መርዶ ብቻዋን ላለች ሴት አይነገርም። ይህ የሁሉም ሰው ደንብ ነው፣ እኔ አላወጣሁትም። ሰምታ ራሷን ገደል ብትከትስ? ማን ይጠየቃል?... ግን ብትሰማ ቤቱን አትሸጥም። የምትሸጠው እሱን ልታስፈታ ነው። እሱ ደግሞ የለም። እሷ ቤቷን ለአፈር ልትሰጥ ነው፣ እኔ ደግሞ እያወቅሁ ልቀበላት።

አንቀላፋ፣ ኃይለመለኮት። አንቀላፋ።

ኅዳር 1

ልደታ ናት። ስንሳለም ደሚቱ ግንባሯን ደጀ ሰላሙ ላይ ደፍታ አገኘናት። «እመቤቴ፣ በሰላም አግቢልኝ፣ ሌላ አልለምንሽም» ስትል ሰማሁ። ተናኘወርቅ አጠገቧ ተንበርክካ አብራ ለመነችላት። እኔ ዋርካው ሥር ቆሜ ጠበቅኳቸው።

ኅዳር 3

ተፈራረምን። ሁለት እማኝ፣ አንድ ዋስ። ቀሪውን ገንዘብ ቆጥሬ ሰጠኋት።

ደሚቱ ጣቷን ቀለም አስነክታ ስትፈርም «ጋሼ ቸኮሉብኝ እንጂ እኔስ አስተርጓሚው እስኪመለስ ልቆይ ብዬ ነበር» አለች ሳቅ ብላ። «እማኞቹን ሌላ ቀን አላገኛቸውም» አልኳት። ውሸት ነው። እማኞቹ እዚሁ ሰፈር ናቸው፣ በማንኛውም ቀን ይገኛሉ።

ያቻኮልኳት ነገሪ ሳይደርስ ብዬ ነው። ይኸው ጻፍኩት።

ኅዳር 4

የቤት ጌታ ሆንኩ።

ኅዳር 11

ደሚቱ ጥቁር ጨርቅ ይዛ መጣች። ለሙለታ ኮት።

«ልኩን ያውቁታል አይደል ጋሼ? የሠርጉን የሰፉለት እርስዎ ነዎት። ግን ጠበብ ያድርጉት፣ ከስቶ ይሆናል።» ትንሽ አሰበችና «አይ፣ ትርፍ ይተዉለት። አበላዋለሁ» አለች።

የእጅ ዋጋ አልቀበልም አልኳት። «እርስዎማ ሁልጊዜም ደግ ነዎት» አለችኝ። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም፣ ጨርቁን እንደምለካ ሆንኩ።

ኅዳር 16

ሰፋሁት። ለሞተ ሰው ኮት ሰፋሁ። አንዱ እጅጌ ጠመመብኝ፣ ፈትቼ ደገምኩት። ደሚቱ ልትወስድ ስትመጣ አፌን ከፍቼ ነበር። ገንዘቡ ገና እጇ ላይ ነው፣ አስተርጓሚው አልተመለሰም። አሁን ብትሰማ ገንዘቡን መልሳ ቤቷን ትረከባለች... አፌን ዘጋሁት። «መልካም ይሁን» ብቻ አልኳት።

ኅዳር 19

አስተርጓሚው ተመለሰ። ገንዘቡን ሰጠችው። «ከገና በፊት ይገባል አለኝ!» እያለች ተናኘወርቅን አቅፋ አገላብጣ ሳመቻት። ቤቱን ልትቀባ ኖራ ገዝታለች፣ ሙለታ ሲገባ ነጭ ሆኖ እንዲጠብቀው። የኔን ቤት። የኖራውን ዋጋ ከኪራዩ ቀንሺ አልኳት። ደግነቴ ይኸው ነው።

ኅዳር 28

ዛሬ አውሮፕላን በዝቶ ዋለ። ደሚቱ በእያንዳንዱ ድምፅ እየወጣች ታያለች አሉ። እስረኛ በአውሮፕላን ይመጣል ያላት ማን ነው?

ታኅሣሥ 5

ነገሪ ገባ። የይለፍ ወረቀት ከልክለውት ነው የዘገየው። ረጅም፣ ዝምተኛ ልጅ ነው። የንስሐ አባታችን ቤት ተሰበሰብን። ነገ ማለዳ ይነገራታል ተባለ። ተናኘወርቅ የሰማችው ዛሬ ነው። ወገቧን ይዛ ተቀመጠች።

ወደ ቤት ስንመለስ «አንተ መቼ ሰማህ?» አለችኝ።

«ዛሬ፣ ከአባ» አልኩ።

ታኅሣሥ 6

ገና ጎህ ሲቀድ ሄድን። አባ አንኳኩ። «ሙለታ መጣ?» እያለች ከፈተች።

ሰዉን አየች። ከሰዉ መካከል ወንድሟን አየች። ከዚያ ወዲያ ማንም መናገር አላስፈለገውም። ኮቱን ከተሰቀለበት አውርዳ ደረቷ ላይ አጣበቀችው። በኦሮምኛም በአማርኛም አለቀሰች። ግድግዳውን በመዳፏ ስትመታ እጇ ኖራ በኖራ ሆነ። እኔም አለቀስኩ። ማልቀሴ እውነት ነበር፣ ግን ለማን እንደሆነ አላውቅም።

ነገሪ ቀስ ብሎ ወደ እኔ መጣ። «ጋሼ፣ ቤቱ የእርስዎ ነው አሉኝ። ግቢው ላይ ዳስ ብንጥል ይፈቅዱልናል?»

ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ባሏ በተከለው ግቢ ለማልቀስ የኔ ፈቃድ! ይህም ሆኖ... ሰው ተሰብስቦ ሲታይ ካራቢኔሪ የሚሉት የጣልያን ፖሊስ የሚጠይቀው የቤቱን ጌታ ነው... እሱን አሰብኩ። በዚያች ሰዓት እሱን አሰብኩ። ተናኘወርቅ በኔ ፈንታ «ጣሉ! ጣሉ እንጂ!» አለች።

ረፋዱ ላይ በከር ለቅሶ ሊደርስ መጣ። እንዴት ሞተ፣ መቼ ተሰማ እያሉ ከበቡት። «እኔማ በጥቅምት ለጋሼ ኃይለመለኮት ተናግሬያለሁ» አለ። ክፋት የለበትም፣ የሆነውን ነው የተናገረው። ደሚቱ አንገቷን አላነሳችም። አልሰማችም ብዬ ተጽናናሁ።

ተናኘወርቅ ግን ሰምታለች።

ታኅሣሥ 7

ሚስቴ አላናገረችኝም።

ታኅሣሥ 9

አሁንም።

ታኅሣሥ 21

ነገሪ አስተርጓሚውን ፍለጋ ሄዶ ነበር። እዚያ መሥሪያ ቤት እንዲህ የሚባል ሰው አናውቅም ብለው መለሱት። ገንዘቡ እንደ ሰውየው ቀረ። የኔ ገንዘብ፣ የሷ ቤት... ሁለቱም ሄደ። ተረፈ ከተባለ የተረፈው ለእኔ ነው።

ተናኘወርቅ ዛሬ ተናገረች። «በጥቅምት ያወቅክ እንደሆነ ልደታ ዕለት ስለምን አስለመንከኝ?» አለች። እንባዋ አልመጣም። ይሻለኝ ነበር።

ጥር 4

ደሚቱ ኪራይ ላከች፣ በነገሪ እጅ። አልቀበልም አልኩት። «ካልተቀበሉ ‹ቤቴ አትኑሪ› አሉኝ ማለት ነው ብላለች» አለኝ። ተቀበልኩት።

የካቲት 1

ልደታ ናት፣ አልተሳለምኩም።

ጠዋት ደሚቱ መጣች። ከመርዶው ወዲህ ደጃችንን ስትረግጥ የመጀመሪያዋ ነው። ፀጉሯን ተላጭታለች። ነገሪ ወደ ወሊሶ ይዟት ሊሄድ ነው፣ በቅሎዋ ተጭና መንገድ ላይ ቆማለች። ቁልፉን ለተናኘወርቅ ሰጥታ ተሳሳሙ፣ ተላቀሱ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

«ቤቱን ውሰጂው» አልኳት። ከልቤ ይሁን ከአፌ ብቻ አሁንም አላውቅም። «ገንዘቡ ይቅር። ውሉን እቀደዋለሁ።»

«ከማን ጋር ልኖርበት?» አለች።

ዝም ብዬ መቅረት ሲገባኝ ነገሬን ጀመርኩ። መርዶ ብቻዋን ላለች ሴት እንደማይነገር፣ አባም አፍህን ያዝ እንዳሉኝ፣ እሷም ደንቡን እንደምታውቀው... ብዙ አወራሁ። እስክጨርስ ታገሠችኝ። ስትቆጣ አይቻት አላውቅም፣ ዛሬም አልተቆጣችም።

«መርዶውን ማን ጠየቀዎ፣ ጋሼ? ‹ደሚቱ፣ ቤቱን አሁን አትሽጪ› ቢሉኝ ይበቃኝ ነበር።»

ነገሪ ከመንገድ ጠራት፣ ሄደች። ተናኘወርቅ እስከ ወንዙ ልትሸኛት ተከትላ ወጣች። እኔ የስፌት መኪናዬ ፊት ተቀምጬ ቀረሁ። እውነት ነው... ይህን ለማለት ነገሪን መጠበቅ፣ አባን ማስፈቀድ፣ ሰው መሰብሰብ አያስፈልግም ነበር። አንድ ቃል ነበር።

ከሰዓት በኋላ የቀኙን በር የሚከራይ ሰው መጣ። ቤቱን አይቶ ወደደው። ስለ በሩ አሠራር ብዙ አደነቀ፣ አናጢው ማን እንደሆነ ጠየቀኝ። የአንድ ወር ኪራይ አስቀድሞ ሰጠኝ።

ተቀበልኩት።