ጉሙ ገልጦ በላ

ይድረስ ለእትዬ፣ ሰላ ድንጋይ
ከአንኮበር፣ ነሐሴ ፲፱፻፴ ዓ.ም.

እትዬ፣ እንደምን ከረምሽ? ክረምቱስ እንዴት ያዘሽ? ያ ጉልበትሽን የሚቆረጥምሽ ነገር ተሻለሽ ወይ? እኛ ከብርዱ በቀር ሁላችን ደህና ነን፣ ፈጣሪ ይመስገን። ላሚቱ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ቀይ ናት፣ አመሏ ግን ካሁኑ አንቺን ይመስላል፤ ስትጠራ አትመጣም።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልኝ በሽር ነው፣ ያ የዓልዩ አምባው ጨው ነጋዴ። ወረቀት በየኬላው እየተገለጠ ስለሚነበብ የምጽፍልሽ የሴቶች ወሬ ብቻ ነው። አንባቢው ሰውዬ ቢሰለቸው ይቅር ይበለኝ።

መስከረም ላይ ለልጅሽ ተዝካር ልታወጪ መሆኑን በሽር ነገረኝ። ጌሾውን ገዝተሽ፣ በጉንም ለይተሽ አስቀምጠሻል አሉ። ቆላ ወርዶ ወደቀ ብለው የነገሩሽ ዕለት፣ ከእንግዲህ አፌን ዘጋሁ ብለሽ ከአረሙ መሀል ወጥተሽ ሄድሽ። የመጣው ወሬ ነው፣ አስከሬኑን ያየ የለም ብዬ ብለምንሽ አልሰማሽኝም። ተቀይሜሽ ነበር። አሁንም ትንሽ ቀርቶኛል፤ ስትመጪ እተወዋለሁ።

አንቺ ከሄድሽ ወዲህ ደቦው ዘፈን አውጪ አጣ። ከበሮውን እንደሆነ የጣልያን ምሽግ ሰዎች ለሽፍታ ምልክት ነው የምትመቱት ብለው ከየቤቱ ለቅመው ወሰዱት። አረም ላይ ደግሞ እጅ ሥራ ስለሚይዝ ጭብጨባም የለ። የቀረን ጉሮሯችን ነው። ወለተ ሥላሴ እኔ ላውጣ ብላ ተነሣች። ታውቂያታለሽ፣ ልቧ ወርቅ ነው፣ ድምፅ ግን እግዜር ነፍጓታል። ገና አፏን ስትከፍት ዳር ላይ የሚግጡት በሬዎች ሁሉ ቀና አሉ። ቦሰናም እኔ ዕድሜዬን ሙሉ ተቀባይ ነኝ ብላ እምቢ አለች። እኔም ሞክሬ መሀል ላይ ቃሉ ጠፋኝ።

በመጨረሻ ዘዴ ያመጣችው ቦሰና ናት። የእትዬን ቦታ ባዶ እንተወው፣ እኛ ግን መቀበላችንን አንተው አለች። እናም አንቺ የምታወጪውን ያህል ዝም እንልና፣ ከዚያ ሁላችን በአንድ አፍ «እሰይ፣ ባየሁት» እንላለን። የመጀመሪያው ቀን ሣቅ ገደለን። ማንም ላላወጣው ስንቀበል የጤና አንመስልም ነበር። እያደር ግን ዝምታው ጣመን። በዝምታው ውስጥ እያንዳንዳችን አንቺን ስለምንሰማሽ መሰለኝ፣ ሳንተያይ እኩል እንነሣለን። ደስታውን እንዴት ብዬ ልንገርሽ? የራሴ ድምፅ የቱ እንደሆነ ለራሴ ይጠፋኛል። የወገቤን ሕመም፣ ረሀቡን፣ ምሽጉንም እረሳዋለሁ። የወለተ ሥላሴ ድምፅ እንኳ ከሌላው ሲቀላቀል ያምራል፤ ጨውም ብቻውን አይበላ፣ ወጥ ውስጥ ሲገባ ነው። አንድ ቀን የምሽጉ አስተርጓሚ መጥቶ ለምን በየመሀሉ ዝም እንደምንል ጠየቀን። ቦሰና ቀና ሳትል ትንፋሽ እየወሰድን ነው አለችው። ሄደ።

ያቺን «ጉሙ ገለጥ ቢል፣ አገሬን ባየሁት» የምትያትን መቼም አልረሳሻትም። ጀርባሽ ላይ ታዝሎ የሚሰማት አንድ ሕፃን፣ ገና አፉን ሲፈታ «ጉሙ ገልጦ በላ» ይላት ነበር። ጉም ሌማት ገልጦ የሚበላ መስሎት። ምን በላ ብለን ብንጠይቀው «ቁርሴን» ብሎ አለቀሰ። ካደገ በኋላም አንቺን ለማሣቅ ሆን ብሎ እንደዚያው ነበር የሚላት። ከእሱ ሌላ እንዲያ ሲል የሰማሁት ሰው የለም።

ባለፈው ሳምንት የእኛን ገብስ ስናርም ጉሙ ከላይ ወረደና ጎን ለጎን ተቀምጠን መተያየት አቃተን። ቦሰናን የማውቃት በድምፅዋ ነበር። የአንቺ ቦታ ሲደርስ እንደ ልማዳችን ዝም አልን። ይኼኔ ከገደሉ በላይ የወንድ ድምፅ፣ ጎርነን ያለ፣ ቦታውን ሞላው።

«ጉሙ ገልጦ በላ፣ አገሬን ባየሁት።»

ማንም ቀና አላለም። እጄን ባየው አረሙን ትቼ ገብሱን ነቅያለሁ። እንዴት እንደተቀበልን አላውቅም፣ ግን ተቀበልን። ደግሞ አወጣ፣ ደግሞ ተቀበልን። ቦሰና እያለቀሰች፣ ወለተ ሥላሴ ከሁላችን በላይ እየጮኸች። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ዘፍኜ አላውቅም። ጉሙ መነሣት ሲጀምር ድምፁ ቀረ።

እረኛ ነው ተባለ። እኔም እረኛ ነው ብያለሁ። ፊቱን አላየሁም፣ ስምም አልጽፍም። ቃሉን እንዴት እንዳለው ብቻ ነው የጻፍኩልሽ።

እንግዲህ እትዬ፣ ዘንድሮ እህሉም ውድ ነውና ድግሱን ተይው። በጉ ይድለብ። ጌሾ ቢቆይ አይበላሽም፣ ለሠርግ ጠላም ይሆናል። ተዝካር ማውጣቱ ይቅርብሽና መጥተሽ ዘፈን አውጪልን። የታችኛው ስንዴ ገና አልታረመም፣ ቦታሽን ባዶ አድርገን እንጠብቅሻለን። ግን አንድ ነገር ቃል ግቢልኝ። ማሳውን አብረን እናርማለን፤ ያቺን ቃል እንዳታርሚያት። እኛም አሁን እንደዚያው ነው የምንላት።

ሚካኤል መንገድሽን ያቅናልሽ፣ ብርዱንም ያቅልልሽ። ጉልበትሽን ቅቤ ቀቢው። ቦሰናና ወለተ ሥላሴ እጅ ነሥተዋል። ዓይን ለዓይን ለመተያየት ያብቃን፤ ሁላችንንም፣ አንድ ሳይጎድል።

ተቀባይሽ፣
ታናሽ እኅትሽ