ኮርቻችንን በቁመትዎ ልክ ስላሳሰሩልንና ስለ ታሰረችው ብስክሌቴ

ጥቅምት 1976 ዓ.ም.

ለተከበሩ ጓድ ወጋየሁ፣ የቀበሌያችን ሊቀመንበር፣ የስፖርት ኮሚቴው ሰብሳቢ፣ ከመስከረም ወዲህ ደግሞ በራስዎ ጥቆማና በራስዎ ድጋፍ የላፍቶ ብስክሌተኞች ክበብ የበላይ ጠባቂ፤

እንደምን ሰነበቱ? ጤናዎ፣ ቤተሰብዎ፣ ድምፅዎ እንዴት ናቸው? እኔ ከወደቅሁበት ከግራ ጉልበቴ በቀር ፈጣሪ ይመስገን ደህና ነኝ። ፈጣሪ የሚለውን ካልወደዱት ሰፊው ሕዝብ ይመስገን ብለው ያንብቡልኝ፤ አልቀየምም።

ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ የለጠፍሁት ቢሮዎ በመጣሁ ቁጥር ስብሰባ ላይ ናቸው ስለምባል ነው። ሰሌዳውን ግን ሳያዩ አያልፉም፤ ፎቶግራፍዎ ያለው እዚያው ላይ ነዋ። የእጅ ጽሑፌ ካስቀየመዎ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ ፊደል የቆጠርሁት በስተርጅና፣ እርስዎ ራስዎ ሪባን ቆርጠው በከፈቱት የመሠረተ ትምህርት ጣቢያ ነው። ስለዚህ ውለታዎ ከልብ አመሰግናለሁ። ያን ዕለት «ጭቁኑ ሕዝብ የልቡን እንዲጽፍ ነው» ብለውን ነበር፤ እኔም ትእዛዝዎን ለመፈጸም ይኸው ጻፍሁ።

ሰሌዳው ፊት የቆመ መንገደኛ ሁሉ ነገሩ እንዲገባው ከመነሻው ልጀምር። እኔ ግዛው እንግዳ፣ ሚስቴ የሞተችብኝ፣ ከወፍጮ ቤት በጡረታ የወጣሁ ሰው፣ ክበባችን ከተቋቋመ ጀምሮ የጉዞው አውጪ፣ ማለትም መንገዱንና መነሻ ሰዓቱን የምቆርጠው ነኝ። እሑድ እሑድ ከላፍቶ ተነሥተን፣ በለቡ በኩል አድርገን ፉሪ እንወጣና ቆሏችንን ቆርጥመን ከሰዓት እላፊው በፊት እንመለሳለን። ደንባችን አንዲት ናት፤ ደካማው ከፊት ይሄዳል፣ ጉልበተኛው ፖምፓውን ይዞ ከኋላ ይከተላል። ደካማውን ከኋላ ካስቀመጡት ብቻውን ይቀራል። ከፊት ካስቀመጡት ግን ሁሉም በእርሱ ልክ ይሄዳል፤ ማንም አይጠፋም። ከኋላ የሚሆነው ሙሄ ነው፤ ሥራው ጭነት ማውረድ፣ ቁመቱ የመብራት እንጨት የሚያህል። ጎማ የተነፈሰበትን እየነፋ፣ የደከመውን እየሰደበ ሁላችንንም ያደርሰናል። እንዲህ ስንሄድና ስንመለስ ኖርን፤ እርስዎ መጥተው እስኪያደራጁን ድረስ።

አሁን አቤቱታዬን በተራ ላቅርብ።

አንደኛ፦ ስለ ኮርቻ። እኛ እያንዳንዳችን ኮርቻችንን በየእግራችን ርዝመት ከፍና ዝቅ አድርገን ነበር የምንቀመጠው። እርስዎ ግን ገና ሲያዩን «አንዱ ከፍ ብሎ፣ ሌላው ዝቅ ብሎ መቀመጡ የመደብ ልዩነት ነው፤ ለሰልፍም አያምርም» ብለው ኮርቻ ሁሉ በአንድ ልክ እንዲታሰር አዘዙ። ልኩ ከማን ይወሰድ ሲባል ከጓድ ሊቀመንበር ተባለ፤ እርስዎም በትሕትና ቀጥ ብለው ቆመው በሸምበቆ ተለኩ። እኩልነት ማለት ሁሉም ሰው እርስዎን ማከል መሆኑን ያን ዕለት ተማርሁ። እኔ ድንክ ቢጤ ነኝ፤ እግሬ ፔዳሉን የሚያገኘው በአውራ ጣቴ ጫፍ ነው፣ እርሱም ፔዳሉ ደስ ብሎት ወደ ላይ ሲመጣልኝ። ሙሄ ደግሞ ጉልበቱ አገጩን እየመታው ምላሱን ነከሰ። «ጋሽ ግዛው፣ እኩል የሆንነው እኮ በሥቃይ ነው» ብሎኛል፤ ምላሱ አብጦ ስለነበረ በደንብ አልሰማሁት ይሆናልና አይያዙበት።

ሁለተኛ፦ ስለ አካሄድ። ደካማ ከፊት እንደሚሄድ ሲሰሙ «ግንባር ቀደሙ እንዴት ደካማ ይሆናል?» ብለው ተቆጡ። ስለዚህ ከፊታችን፣ በፒክአፕ መኪና ላይ ቆመው፣ ድምፅ ማጉያ ይዘው እርስዎ ሆኑ። ንግግርዎ እጅግ ጣፋጭ ነበር፤ ከመንገዱ ግራና ቀኝ ያለው ሕዝብ አንዲት ቃል እንዳታመልጠውም ሾፌሩ በቀብር እርምጃ እንዲነዳ አደረጉ። የተከበሩ ጓድ ሊቀመንበር፣ ብስክሌት እንደ ስብሰባ አይደለችም፤ ቆማ አትውልም። ካልሄደች ትወድቃለች። መኪናዎን እንዳናልፍ ክልክል፣ እግራችንን መሬት እንዳናስነካ ኮርቻው የእርስዎ ቁመት። ለቡ ላይ «ወደፊት! ወደፊት!» እያሉ ሳለ የፊተኛው ወደቀ፣ ሁለተኛው በእርሱ ላይ፣ እኔ በሁለቱ ላይ፣ በመጨረሻም ሙሄ ከነፖምፓው በሁላችንም ላይ ተደረበ። ከፉሪ እህል ጭኖ ይወርድ የነበረ ቀጄላ የሚባል ገበሬ አህዮቹን ወደ ዳር አስይዞ ለረጅም ጊዜ ሲያየን ቆየና «ምነው ጎበዝ፣ ሁላችሁም ዛሬ ነው እንዴ የጀመራችሁት?» አለን። እርስዎ ይህን አልሰሙም፤ ፊትዎ ወደፊት ስለነበረ ንግግርዎን እያሰሙ ብቻዎን ከዓይናችን ተሰወሩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከጉዞው ሁሉ ደስ ያለን ያ ሰዓት ነበር።

ሦስተኛ፦ ይህችኛዋን ሳስባት ደሜ ስለፈላ አልፌያታለሁ።

አራተኛ፦ ስለ ግምገማው። በማግሥቱ አዳራሽ ሰብስበውን የውድቀቱ መንሥኤ አሻጥር መሆኑን አረጋገጡልን፤ አሻጥረኛውም የጉዞው አውጪ ተባለ። ግለ ሂስ አድርግ ብባል «ጥፋቴ ማጠሬ ነው፤ ለወደፊቱ ለማሻሻል እጥራለሁ» አልሁ። አዳራሹ ሳቀ። የሳቀው ሕዝብ ሆኖ ሳለ የተቀጣችው ግን የእኔ ብስክሌት ናት። እኔን ከጉዞ አውጪነት አገዱኝ፤ ከሁላችን ከሰበሰቡት ብስክሌትም የሌሎቹን መልሰው የእኔን በቀበሌው ዕቃ ቤት ቆለፉባት። አሁን ደግሞ የፊታችን እሑድ ወደ ፉሪ የሚደረገውን ጉዞ በመኪና ሳይሆን በብስክሌት፣ ያውም ከሁሉ ስለምታብረቀርቅ በእኔዋ፣ እርስዎ ራስዎ ተቀምጠው እንደሚመሩ፣ ፎቶም እንደሚነሡ ማስታወቂያ ወጥቷል። የምታብረቀርቀው ስለምወለውላት ነው። ለምርጫዎ አመሰግናለሁ።

እስካሁን የቀለድሁትን ቀልጃለሁ። ባለቤቴ ትሩፋት ያረፈችው ፉሪ፣ ተወልዳ ባደገችበት አጥቢያ ነው። በሕይወቷ ሳለች ከዚያችው ብስክሌት መጫኛ ላይ በጎን ተቀምጣ፣ ጃንጥላዋን ዘርግታ፣ «አንተ ሰውዬ፣ ቀስ በል! ንስሐ ሳልገባ ልትገድለኝ ነው?» እያለች እናቷን ልንጠይቅ እንሄድ ነበር። ሙት ዓመቷ የፊታችን እሑድ ነው። እዚያ የሚደርስ አውቶቡስ የለም። ይህ ጉልበቴ ያን ዳገት በእግር አያወጣኝም፤ ብስክሌት ላይ ስቀመጥ ግን እንጃ ለምን እንደሆነ፣ ይታዘዘኛል። በየዓመቱ እኔ መቃብሯ ዘንድ ስቆም ክበቡ ዛፍ ሥር አረፍ ብሎ ይጠብቀኛል። ሙሄ እስላም ነው፤ እርሱ እንኳ ቆቡን አውልቆ ዝም ይላል፤ ለሙሄ ዝም ማለት ቀላል እንዳይመስልዎ። ዘንድሮ ክበቡ ፉሪ ደርሶ እኔ ላፍቶ ደጄ ላይ ቁጭ ብዬ ልውል ነው። ሌላውን ሁሉ ይዘው ይቆዩ፤ የጉዞ አውጪነቱንም፣ ሰልፉንም፣ ንግግሩንም። ብስክሌቴን ግን እስከ ቅዳሜ ማታ ይልቀቁልኝ።

እርስዎም አይቀሩብን። ከፊት መሆን ከወደዱ ደንባችን ይፈቅድልዎታል፤ ደካማው ከፊት ነው ብያለሁ። እኛም እንደ ልማዳችን በእርስዎ ልክ እንሄዳለን፤ ማንንም ጥለን አናውቅም።

ስለ ረጅም ትዕግሥትዎ፣ ከዚያም ስለ ረዘመው ንግግርዎ፣ ከሁሉም ስለ ቁመትዎ አመስግኜ፣ ደብዳቤውን ከሰሌዳው ሲያነሡ ወረቀቱ እንዳይቀደድ በትሕትና እለምናለሁ፤ ሌላ የለኝም።

ኢትዮጵያ ትቅደም፤ ብስክሌቴም ከኋላዋ ትከተላት።

በታላቅ አክብሮት፣ ባበጠ ጉልበት፣
ግዛው እንግዳ
የታገደ የጉዞ አውጪ፤ ከላፍቶ

ማሳሰቢያ፦ አንድ ነገር ሳልነግርዎ ብቀር ሕሊናዬ አይፈቅድም። ብስክሌቴ ፍሬን የላትም፤ ሽቦው ከተበጠሰ ዘመን አልፎታል። ከፉሪ ቁልቁል ስወርድ የማቆማት የጫማዬን ተረከዝ ከኋላ ጎማ ጋር አፋጭቼ ነው፤ ይህም ዕድሜ ልክ የሚለመድ ሙያ እንጂ በስብሰባ የሚወሰን አይደለም። ይህን የምነግርዎ ለእርስዎ አዝኜ እንዳይመስልዎ፤ ብስክሌቴ እንዳትጎብጥብኝ ብዬ ነው።